በኩርባው ላይ የቀረው ጆንያ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ያ ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስትተኩሺ የሚይዝሽ የወገብ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም እያቃሰትሽ ነው የምትነሺው? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? በላክሽልን ፎቶ ላይ ከስተሻል ብላ እማማ ሁለት ቀን እህል አልቀምስ አለች፤ ጥፋቱ የካሜራው ነው ብለን በስንት ልመና አጽናናናት። እኛ ደህና ነን። ልጅሽ ፌንጣም ደህና ናት፤ ይህን አስቀድሜ የምጽፍልሽ ከታች ያለውን ስታነቢ ልብሽ እንዳይሸበር ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ እሷም ስልክ በተደወለ ቁጥር ከሥሬ አትጠፋም።

አምና የስካውት ካምፑ ክፍያ በአውቶቡስ ኪራይ የተነሳ ሰማይ ነክቶ ግማሾቹ ልጆች ቀርተው ነበር። ፌንጣም ከቀሩት አንዷ ናት። ያልነገርንሽ ከአፍሽ ነጥቀሽ እንደምትልኪ ስለምናውቅ ነው። አውቶቡሱ ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጣ አጥሩን ይዛ ቆማ አየችው። ቤት ስትገባ ስካርፏን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ስለ ካምፕ ዳግመኛ አላነሳችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ የቡድኑ መሪ፣ ልጆቹ «ፊሽካ» የሚሉት የስፖርት አስተማሪ፣ ወላጆችን ሰብስቦ ክፍያው እንደገና መጨመሩን ሲናገር ሰው ሁሉ አቀርቅሮ የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ። ያኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ብድግ ብዬ «አውቶቡሱ ይቅር፣ በኔ የጭነት መኪና እወስዳቸዋለሁ» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባ እንደሚያሰክር ያን ቀን አወቅኩ። ክፍያው ከግማሽ በታች ወረደ፤ ሳይመዘገብ የቀረ ልጅ የለም። እኔን ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ እንቅልፍ ጥሎኝ ጠፋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ በምን አፌ እመልሰዋለሁ?

ካምፑ ወደሚተከልበት ሐይቅ የሚወርደውን ቁልቁለት ታውቂዋለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲሚንቶ ጭኜ ስወጣ ስወርድበት ፈርቼው አላውቅም። ሲሚንቶ እናት የለውም። አሁን ግን ባዶ መኪና ይዤ እንኳ ኩርባው ጋ ስደርስ ፍሬን ረግጬ እቆማለሁ።

ባለቤቴ ነገሩ ገባት። ወፍጮ ቤት ስለምትውል መላዋ ሁሉ ከሚዛን ነው። «ልጅ ከመጫንህ በፊት ጆንያ ጫን» አለችኝ። ልጆቹን ሰብስባ አንድ በአንድ ሚዛኑ ላይ እያቆመች ለያንዳንዳቸው በክብደታቸው ልክ አሸዋ ሞላች። ለነሱ ጨዋታ ነበር፤ በየጆንያቸው ላይ የራሳቸውን ምልክት በቀለም ሣሉ፣ አንዱ ኮከብ፣ አንዱ ዓሣ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ጆንያ አፉ አልገጥም ብሎ በሳቅ ገደለን። ፌንጣ ያው ፌንጣ ሣለች።

ጆንያዎቹን ልጆቹ በሚቀመጡበት ቦታ ደርድሬ፣ የጭነቱን የጎን መዝጊያ፣ ስፖንዳውን ቀርቅሬ፣ ብቻዬን ወረድኩ። እንደዚያ ተጠንቅቄ ነድቼ አላውቅም፤ ኤሊ ብትቀድመኝ አላፍርም ነበር። ሐይቁ ዳር ደርሼ ስወርድ የአንዱ ጎን ስፖንዳ ተከፍቶ ተንጠልጥሏል። ከጥግ በኩል አንድ ቦታ ባዶ ነው። እትዬ፣ ሲወድቅ አልሰማሁም። ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ኩርባውን በሰላም አለፍኩ ብዬ እያፏጨሁ ነበር የወረድኩት።

የቀሩትን ምልክት ሳላይ ዳገቱን በእግሬ ሮጥኩ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ ቦዩ ውስጥ ተቀዶ አሸዋው ፈሶ አገኘሁት። ምልክቱ ያለበት ፊት በሥር በኩል ነው። ገልብጬ የማን እንደሆነ ማየት ፈራሁ። የቀረውን አሸዋ አራገፍኩ። ከዚያ ምልክቱን ወደ ውስጥ አጥፌ ወንበሬ ሥር ወሸቅኩት።

ለፊሽካ ስነግረው ፊቱ ገረጣ። ቆይቶ ግን «ጆንያ እኮ እጅ የለውም፣ ልጅ ይይዛል» አለኝ። አልዋሽሽም፣ አንድ ቀን ሙሉ እኔም አመንኩት። ከተናገርኩ ፌንጣ እንደገና አጥር ይዛ ልትቀር ነው፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ያን ቁልቁለት ሳላፏጭ እንኳ ብወርደው የሚወድቀውን አልሰማም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል የለ እማማ? ይኸው ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

በመጨረሻው ስብሰባ የተቀደደውን ጆንያ እንደታጠፈ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ማንም የማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ማንም አልዘረጋውም። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት «እግራቸው ኪራይ አይጠይቅ! በጠዋት ተነሥተው በእግራቸው ይውረዱ፤ ስካውት አይደሉ እንዴ?» አለች። እንዳለችው ሆነ። መኪናው ድንኳንና ስንቅ ብቻ ይጭናል፣ ከወላጆችም አንዳንዶቻችን አብረናቸው እንሄዳለን። ክፍያው ምንም አልጨመረም።

ትናንት ባለቤቴ ጆንያዎቹን አጥባ፣ ልብሳቸውን ይያዙባቸው ብላ ለልጆቹ መለሰች። እየተሻሙ የየራሳቸውን አነሡ። ሁሉም ወስዶ ሲያበቃ አንዲት ልጅ ብቻ ባዶ እጇን ቆማ ቀረች።

«አጎቴ፣ የኔስ የታለ?» አለችኝ።

ተቀደደ አልኳት። «ግድ የለም፣ በፌስታል እይዛለሁ» ብላ እየዘለለች ወጣች። እኔ ግን ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ።

አሁንም እፈራለሁ እትዬ። የእግር መንገዱ ድንጋይ አለበት፣ ሐይቁም ውሃ ነው። መኪናውን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ከፌንጣ ኋላ ኋላ እሄዳለሁ። እጄን እንዳትይዝ ብላ ከአሁኑ አስጠንቅቃኛለች።

እማማ አገላብጣ ስማሻለች፤ ስለዚህ ነገር አንዳች አልሰማችም። ባለቤቴ በጣም ናፍቀሽኛል ትላለች። ትንሹ ልጄ ጥርሱ መውለቁን ንገርልኝ ብሏል። አብራሽ ለምትኖረዋ ልብስ ሰፊም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከካምፑ የተመለሰች ዕለት ፌንጣ ራሷ ትደውልልሻለች። ስለ ጆንያዋ ግን አደራ፣ አታንሺባት።

ታናሽ ወንድምሽ

ከቤታችን ደጃፍ፣ ከመኪናዬ ጋቢና ውስጥ
ሐሙስ፣ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት