ያልበላሁት ቁርስ

ረቡዕ፣ መጋቢት 11 ቀን

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ዛሬ ጠዋት ለጤና የምንሮጠውን ሰዎች ሊለኩን ባለሙያዎች ሜዳው ድረስ መጥተው ነበር። ትንፋሽ እስኪያጥረን አስሮጡን፤ አዘለሉን፤ የእጅ ጉልበት የሚለካ ብረትም አስጨበጡን። እኔ አራተኛው ዙር ላይ ዓይኔ ጨለመብኝና ቁጭ አልኩ። መዝጋቢው ወጣት ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባባ፣ ጉልበትዎ ደክሟል፤ እሑድ ወደ ጋፋት ዳገት አይሮጡም» ብሎ ስሜን ሰረዘው። ጎረቤቴ አያሌው ደግሞ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ መቋሚያ ይዘው ይምጡ!» ብሎ አሳቀብኝ።

ምን ያውቃል ይህ መዝጋቢ ልጅ? ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ከዚያ ባዶ ቤት የሚያወጣኝ የእሑዱ ሩጫ ብቻ ነው። ዳገቱን ከእሱ እኩዮች ቀድሜ የምወጣ ሰው ነኝ! ሁዳዴ ስለሆነ በአዘቦት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም። እሑድ ግን ከቅዳሴ መልስ በልቼ ነው የምሮጠው። የጾመ ሰው ጉልበት እንዲህ ይለካል?

መጠየቁንስ ጠይቆኛል። «ቁርስ በልተዋል?» ሲለኝ፣ ጾሜን በሰው ፊት ላለማውራት ብዬ፣ «አዎን፣ በልቻለሁ» አልኩት። እሱም ያልኩትን ጻፈ። ትሕትና መስሎኝ ነበር፤ ለካ በጾም አፌ ዋሽቻለሁ።

ለንስሐ አባቴ መናዘዙ አይከብደኝም። ያን ልጅ ፈልጌ፣ አያሌው እየሰማ፣ «ዋሽቼሃለሁ፤ እንደገና ለካኝ» ማለቱ ነው የከበደኝ። እሑድ ደግሞ አራት ቀን ብቻ ቀርቶታል።