የዋሲላ ግራ ክንድ

ጥቅምት 8 ቀን 2010

ይቺ የላስቲክ ኳስ ታሳብደኛለች። ሲጥ… ሲጥ… ሲጥ። መረብ ልጠግን ብቀመጥ ሲጥ፣ ራዲዮ ብከፍት ሲጥ። ዋሲላን "የሐይቁን እንቁራሪት ሁሉ ቤቴ ጠራሽብኝ" ብላት፣ "አጎቴ፣ ሚስት አጣሁ ስትል አልነበር? አንዷን ምረጥ" አለችኝ።

የእህቴ የረቢያ ልጅ ናት። ከጂዳ የተመለሰችው ኩላሊቷ ደክሞ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ደሴ ለእጥበት እወስዳታለሁ። ደሟ የሚወጣው አንገቷ ስር በገባ ቱቦ ነው። ሁለት ጊዜ አመርቅዞ በትኩሳት ጥሏታል። አሁን ግራ አንጓዋ ላይ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን አገናኝተው ሰፍተውላታል። ደም ስሩ ከወፈረ መርፌው በክንዷ ይገባል፣ ቱቦው ይወጣል። ኳሷን ቀን ከሌት የምትጨምቃት ለዚያ ነው።

እንግዲህ ትጩህ።

ጥቅምት 15

ደሴ ዋልን። አብሮን የሚታጠበው ሾፌሩ ትዕዛዙ ሸሚዙን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋ። ገመድ የመሰለ ደም ስር። "የእኔን ገና በመጀመሪያው ወር ነው የሰሩልኝ" አለ። ለዋሲላ ግን ዓመት ሙሉ ማንም አላነሳላት። ነርሷን ጠየቅኳት።

"የሴት ደም ስር ቀጭን ነው፣ ብዙ ጊዜ አልወፍርም ይላል። ቤተሰብም ክንዷ ይበላሻል ብሎ እንቢ ይላል።"

ክፍሉን ዞር ብዬ አየሁ። ወንዶቹ አብዛኞቹ በክንድ… ሴቶቹ ሁሉም በአንገት። እስከ ዛሬ እንዴት አላየሁም?

"ሸሚዝ ለለበሰማ ቀላል ነው" አለች ዋሲላ። የቀሚሷ እጅጌ ጠባብ ነው። ክንዷን ለማውጣት ግማሽ ቀሚሷን ማውለቅ ሊኖርባት ነው፣ ያውም ወንዶች ፊት።

ጥቅምት 24

ረቢያ ከውጫሌ መጥታ አደረች። የስፌት መኪናዋን ትታ መምጣቷ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የልጇን ክንድ አይታ አለቀሰች።

"አያ፣ ይሄ አብጦ ከቀረ ማን ያገባታል?"

"እኔ ሳላብጥ ማን አገባኝ?" አልኳት።

ሳቀች… ትንሽ።

ጥቅምት 27

ኳሷ ጸጥ አለች። ዋሲላ ክንዷን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ተቀምጣለች። "አጎቴ፣ አይሰማኝም።" ከተሰፋ ጀምሮ ደሙ ሲያልፍበት እንደ ንብ ቀፎ እምም… ይል ነበር። እጅጌዋን ብገልጥ፣ ክታብ። ረቢያ ስትሄድ ክፉ ዓይን እንዳያገኛት ብላ አስራላታለች። ቋጠሮው የመረብ ቋጠሮ ነው፣ እየዋለ የሚጠብቅ።

"ለምን አልፈታሽውም?"

"እናቴ ያሰረችውን?"

ደሴ በረርን። ደሙ ረግቷል። "ደም ስሯም ቀጭን ነበር፣ ማሰሩም ጨረሰው" አለ ዶክተሩ። ለረቢያ ደወልኩ። "ዱዓው አይደለም፣ ቋጠሮው ነው" አልኳት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ህዳር 19

ረቢያ ስልክ አታነሳም። ዋሲላ ደግሞ ዳግመኛ አልሰፋም አለች። "ለወንድ ነው እሱ የሚሆነው።" ኳሷን አንስቼ ከመረቤ ስር አስቀመጥኳት።

ታህሳስ 6

ቱቦው እንደገና አመረቀዘ። ሌላ ቱቦ፣ ሌላ ትኩሳት። ስንት ጊዜ ትችለዋለች? ዶክተሩን በር ላይ ያዝኩት።

"ክርኗ ላይ ወፈር ያለ ደም ስር የለም?"

"አለ፣ ግን…"

"ግኑን ለእሷ ንገራት።"

አልጋዋ ዳር ተቀምጦ ነገራት። ሊሳካም ላይሳካም ይችላል አላት፣ ሳይሸፋፍን። ወደ እኔ ዞረች።

"አጎቴ፣ ኳሷን የት አደረግካት?"

ጥር 17

ክርኗ ላይ ተሰፋ። እምም… ይላል። እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። "በአምባሰል ነው የሚያዜመው" አልኳት።

"አንተ የበር ሲጥታም አምባሰል ይመስልሃል።"

ሚያዝያ 11

በክንዷ ታጠበች። አልሀምዱሊላህ። ቀሚሷን እስክታወልቅ ጋቢዬን እንደ መጋረጃ ይዤ ቆምኩ። ትዕዛዙ "ባንዲራ ሰቃዩ" አለኝ። ይበል። ለረቢያ ደወልኩ፣ አላነሳችም። እንድታደርስላት ለጎረቤቷ ለሱረያ ሁሉንም ነገርኳት፣ የጋቢውን ነገር ሳይቀር።

ሚያዝያ 22

ቱቦው ወጣ። አንገቷ ላይ አንዲት ፋሻ ብቻ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ኳሷ ናፈቀችኝ መሰል… ለማንም አልናገርም።

በር ተንኳኳ። በዚህ ሰዓት ማን ነው? ዋሲላ ከፈተች።

ረቢያ። ሰላም እንኳ ሳትል ከፌስታሏ አዲስ ቀሚስ አውጥታ ዘረጋች። ግራ እጅጌው ከትከሻ እስከ አንጓ ድረስ በቁልፍ ይከፈታል።

"ለኪው" አለቻት፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። "ትንሽ እንኳ ከጠበበሽ አሁኑኑ አሰፋዋለሁ።"