ከፎቶግራፌ ላይ ስለነቀላችኋቸው አምስት ቅርንጫፎች

ለክቡር አቶ ዳውዌ ራይፕማ
የ«ጽኑ ጣሪያ» መድን ድርጅት የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፦

ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ የቢሮዎ ማሞቂያም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስሜ ሲፕኬ ዋይማ ይባላል፤ በያንስዋውደ መንደር ጀልባ ሲመጣ ወደ ላይ የሚከፈት ድልድይ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቄ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን ደግሞ ልጆቼ በገዙልኝ ትንሽ ድሮን ጎረቤቶቼን ከሰማይ ፎቶ የማነሳ ሰው ነኝ። በጋዜጣ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ሦስት ደብዳቤ ልኬልዎት ሦስቱም ቢሮዎ ደጃፍ ላይ መንገድ እየጠፋባቸው ስለቀሩ ነው።

አስቀድሜ ላመስግን። ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር ቦያችን ለአራት ቀን በረዶ ሠርቶ፣ መንደሩ ተሰልፎ ሲንሸራተት ያነሳሁትን ፎቶግራፍ ከመንደራችን ድረ ገጽ ላይ ወስዳችሁ፣ ለደንበኞቻችሁ ሁሉ በላካችሁት፣ የዘመድ ወዳጅ ልደት በሚመዘገብበት የልደት ቀን መቁጠሪያ ላይ ስላወጣችሁት ታላቅ ክብር ተሰምቶኛል። ክብሩ የተሰማኝ እህቴ ቤት መጸዳጃ ክፍል ተቀምጬ ቀና ያልኩ ጊዜ ነው። በአገራችን የልደት መቁጠሪያ የሚሰቀለው እዚያ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ቤት ሁሉ የመጸዳጃው በር ጀርባ ላይ የገዛ ሥራዬ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል። አንድ ፎቶ አንሺ ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

ቢሆንም ጥቂት ቅሬታ አለችኝ።

አንደኛ፦ አልጠየቃችሁኝም። ስልክ ቁጥሬ ከፎቶው ሥር ተጽፎ ነበር። በራሴ ሒሳብ ስደውል ያነሳችው የክፍልዎ ሠራተኛ በጣም ትሑት ናት፤ «ውይ ጋሼ፣ በሚቀጥለው እትም ስምዎን እናወጣልዎታለን'ኮ! ስንት ሰው ያይልዎታል! ባይሆን አርማችን ያለበት ቴርሞስ እልክልዎታለሁ» አለችኝ። ቴርሞሱ ደርሶኛል፤ ሻይ ለሃያ ደቂቃ ያህል ያሞቃል። እኔ ድልድይ ስጠብቅ የእንጨት ጫማ በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አንጠልጥዬ ወደሚያልፈው ጀልባ አወርድ ነበር፤ ባለጀልባውም የማለፊያውን ሳንቲም ጫማው ውስጥ ጣል አድርጎ ይሄዳል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ «ሳንቲም የለኝም፣ ግን ድልድይህን ለሰው ሁሉ አወራልሃለሁ» ያለኝ አንድም አልነበረም። ቢኖርም ኖሮ ድልድዩን አልከፍትለትም። ባለቤቴ ቲትስኬ ግን ነገሩን በአጭሩ ቋጨችው፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ድሮን ሸጠህ ዶሮ ግዛበት» አለችኝ።

ሁለተኛ፦ ይህኛው እንቅልፍ የነሳኝ ነው። ፎቶው ላይ ድልድዩ ሥር አምስት የዛፍ ቅርንጫፎች ተተክለው ይታዩ ነበር። የመንደሩ የበረዶ ማኅበር አባል ነኝና የተከልኳቸው እኔ ነኝ። ድልድይ ሥር ውሃው ስለሚሮጥ በረዶው አይጠናም፤ ቅርንጫፍ ያየ የአገራችን ሰውም ወደዚያ አይጠጋም። የእናንተ ባለሙያ ግን ቆሻሻ መስለውት ነው መሰል አንድ በአንድ ፍቆ፣ በቦታቸው እንደ መስታወት የሚያበራ በረዶ ሠርቶበታል። እጁን አደንቃለሁ፤ አራት ቀን ብርድ ያልቻለውን እሱ ከምሳ በኋላ ጨርሶታል። ነገር ግን የአደጋ ምልክት ነቅሎ የሚጥል የመድን ድርጅት ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እንደሚያውቁት የልደት መቁጠሪያ ወርና ቀን እንጂ ዓመት የለውም። አንዴ ከተሰቀለ ባለቤቱ እስኪሞት አይወርድም፤ አንዳንዴም ይወረሳል። ስለዚህ መንደሬ በየቀኑ፣ ያውም ሌላ የሚያየው ነገር በሌለበት ክፍል፣ «ድልድይ ሥር በረዶው ጽኑ ነው» የሚል ትምህርት ይቀስማል። ዘንድሮ በጥር በረዶው ሲመጣ፣ እኛ ገና ቅርንጫፍ እየቆረጥን ሳለ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከከተማ የመጣው ዳቦ ጋጋሪያችን ኸርበን መንሸራተቻ ጫማውን አስሮ በቀጥታ ድልድዩ ሥር ገባ። በረዶው ተሰበረና እስከ ደረቱ ሰመጠ። ከሁለት ጎረቤቶች ጋር መሰላል አጋድመን፣ በሆዳችን ተስበን ጎትተን ስናወጣው፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «ካላንደሩ ላይ'ኮ… ካላንደሩ ላይ'ኮ ደህና ነበር!» ይል ነበር። እጁን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ እንጨት ሆኖ ነበር። እውነቱን ልንገርዎ፣ በጣም ፈራሁ። ማንም ይፋቀው ማን፣ ፎቶው የእኔ ነው፤ ሰው ቢሞትበት ኖሮ ዕድሜ ልኬን የምሸከመው እኔ ነበርኩ። ስሜን ሳታወጡ በመቅረታችሁ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛም ነበረኝ። ቲትስኬ አንብባ «ይሄማ ስድብ ነው» ብላ ሰርዛዋለች፤ አልተሳሳተችም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ፎቶውን የምትጠቀሙበትን ፈቃድ እንደ ወጉ በጽሑፍ ከእኔ ግዙ፤ ለአንድ ሥራ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ከላዩ አንዲት ነገር ሳይነካ። እኔ ለመዝናናት የማነሳ ሰው ስለሆንኩ የገበያውን ዋጋ አላውቅም። ስለዚህ ቅርንጫፎቹን ለፋቀው ሰው የከፈላችሁትን ያህል፣ ለተከላቸውና ፎቶ ላነሳቸው ሰው ክፈሉ፤ ከዚያ አንዲት ሳንቲም አልጨምርም። ሌላው፣ አምስት ቅርንጫፎች የታተሙበት ተለጣፊ ወረቀት መቁጠሪያው ለደረሰው ደንበኛ ሁሉ ይላክ። እያንዳንዱ በመጸዳጃ ክፍሉ ተረጋግቶ ቦታው ላይ ይለጥፋል፤ እዚያ ጊዜ አለው።

ከእግርዎ ሥር ያለው በረዶ ሁልጊዜ እንዲጠናልዎት፣ ባይጠና ደግሞ መሰላል ያለው ጎረቤት እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ የምነሳዎ፦

ሲፕኬ ዋይማ
የቀድሞ ድልድይ ጠባቂ፣ የአሁን ቅርንጫፍ ተካይ፣ ውሉን ገና ያላቋረጠ ደንበኛዎ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ኅዳር ነፋስ የጎተራዬን ጣሪያ ሲወስደው የጉዳቱን ፎቶ ልኬላችሁ ነበር። ከጥጉ ላይ የቲትስኬን ብስክሌት ቆርጬ ስላወጣሁ፣ «ድርጅታችን የተነካካ ፎቶግራፍ እውነትን ስለሚያዛባ አይቀበልም» ብላችሁ በማኅተም መልሳችሁልኛል። ለጠበቃዬ ሳነብላት በጣም ወደደችው፤ «ከዚህ የተሻለ እኔም አልጽፍም» ብላ በእናንተ ላይ የምናቀርበው የክስ ማመልከቻ መክፈቻ አድርጋዋለች።