አባቴን ሰኞ ጤነኛ፣ ረቡዕ በሽተኛ ላደረገው ባንክ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ፔሌቲ ሆይ፣ እርስዎን ነው! ጋዜጣውን ወደ ስፖርቱ ገጽ አይግለጡት፣ እዚሁ ይቆዩልኝ። እርስዎም፣ ቅርንጫፍዎም፣ ያ አጥንት የሚሰብር የአየር ማቀዝቀዣዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ የታፉሎሎ ልጅ ፉአቲኖ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገና ቆሜ እሄዳለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ያበላሸሁት ቃል ቢኖር እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ያርሙት።

አስቀድሜ ላመስግን። አባቴን የመርሳት በሽታ ከያዘው ወዲህ ዘመዱ ሁሉ ሲሸሸው፣ ገንዘቡን አቅፈው የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

አንደኛ። የሐኪም ወረቀት ይዤ መጥቼ፣ "አባቴ የሚያወጣውን አያውቅም፣ እኔ ሳልኖር አትክፈሉት" ብዬ ለመንኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ላጊ፣ "እህቴ፣ የሒሳቡ ባለቤት ራሱ መጥቶ ይንገረን" አለችኝ። ራሱን የማያውቅ ሰው መጥቶ "ራሴን አላውቅም" ብሎ ይፈርም ማለት ነው። እሺ፣ ደንብ ነው።

ሁለተኛ። ረቡዕ አመጣሁት። የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙንና ሽርጡን አልብሼ፣ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር "የት ነው የምትወስጂኝ?" እያለኝ። ላጊ "አባባ፣ ስምዎ ማነው?" ስትለው "ሴፎ" አላት። ሴፎ የልጅነት ስሙ ነው። እኔ ሳልወለድ የአለቃነት ማዕረጉንና ከማዕረጉ ጋር የሚሰጠውን ስም ከተቀበለ ወዲህ በዚያ ስም የጠራው የለም፤ መታወቂያውም የባንክ ደብተሩም ታፉሎሎ ነው የሚለው። በሽታው ግን አለቃውን ወስዶ ሕፃኑን ትቶልኛል። "ሴፎ የሚባል ደንበኛ የለንም" አለች። ያን ጊዜ እርስዎ ብቅ ብለው፣ "ወይዘሮ፣ ስሙን የማያውቅ ሰው ፊርማው አይጸናም" አሉኝ። ደስታዬ! "እንግዲያው ሒሳቡን አግዱልኛ!" አልኩ። "ለማገድ ደግሞ ፊርማው ያስፈልጋል" አሉ። ይህን ሲሉ ፊትዎ ቅንጣት አልተለወጠም፤ ተሰጥኦ ነው።

ውክልና ያዢ ይሉኝ ይሆናል። ጠበቃው "ዘግይተሻል፣ ውክልና የሚሰጠው የሚያውቅ ሰው ነው" አለኝ። ፍርድ ቤቱ "ሞግዚት አድርገን እንድንሾምሽ የሒሳቡን መግለጫ ከባንኩ አምጪ" አለኝ። እርስዎ ደግሞ "መግለጫ የምንሰጠው ለተሾመ ሞግዚት ነው" አሉኝ። አውድማ ላይ የሚዞር በሬ እንኳ ገለባ ይቀምሳል፣ ጌታዬ።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ እቆጣለሁ፣ ይታገሡኝ። በቀጣዩ ሰኞ፣ እኔ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሳጥብ፣ የአክስቴ ልጅ ፌቱ "እናቴ ሞታ ለለቅሶው መዋጮ ነው" ብሎ አባቴን ከምትጠብቀው ሴት እጅ ወስዶ በታክሲ አመጣላችሁ። ፌቱ ብልጥ ነው፤ ስም አልጠየቀውም። መስኮታችሁ ፊት ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ክቡር ታፉሎሎ፣ ቤተሰቡ ቃልዎን ይጠብቃል!" አለ። አባቴ ቀና አለ። ጠዋት የበላውን የማያውቀው ሰውዬ የአለቆችን ንግግር አንድ ቃል ሳያጎድል አወረደው። ዕድሜ ልኩን በየለቅሶው ያለውን ነው፤ አፉ ያውቀዋል፣ እሱ አያውቀውም። ሠራተኞችዎ አጨበጨቡ። እርስዎም ጎንበስ ብለው ጨበጡት። ከዚያ አባቴን አስፈርማችሁ የገንዘቡን ግማሽ ለፌቱ ቆጠራችሁለት። "ሟቿ" አክስቴ በዚያው ሰዓት ከባንኩ ማዶ ገበያው ውስጥ ጎደሬ ትሸጥ ነበር፤ ከወንበርዎ ሳይነሱ ትታይዎት ነበር። ለአቤቱታ ስመጣ፣ "እንዲህ የሚናገር ሰው በሽተኛ ነው ይሉኛል?" አሉኝ።

እኔ ሥራ ስሄድ አባቴን የምትጠብቀው ታሊጊ ናት። እስካሁን ከኪሴ እከፍላት ነበር፣ ኪሴ ደረቀ። "ገንዘቡ ባንክ ካለ እስክትሾሚ እጠብቅሻለሁ፣ ካለቀ ግን እኔም ልጆች አሉኝ" ብላኛለች። አትሳሳትም። እሷ ከሄደች ወይ ሥራዬን ትቼ አብረን መራብ፣ ወይ ቆልፌበት መውጣት ነው። ቤታችን እንደ አያቶቻችን ቤት በምሰሶ ብቻ የቆመ ነው፣ ግድግዳ የለውም፤ የሚቆለፈው የዕቃ ክፍሉ ብቻ ነው። ታሊጊ በታመመች ቀን ሞከርኩት። ቁልፉን ሳዞር ከውስጥ፣ "ማነህ? ምን አጥፍቼ ነው?" አለኝ። ከፈትኩለት። ከሥራ ቀረሁ።

ቅርንጫፍዎ ይስፋ፣ ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ በስተርጅናዎም ልጆችዎን እኔን ከገጠመኝ የተሻለ ባንክ ይግጠማቸው። የደንብዎ ምርኮኛ፣ የማቀዝቀዣዎ ቋሚ እንግዳ፣

ፉአቲኖ፣ የታፉሎሎ (በእርስዎ ቤት የማይታወቀው የሴፎ) ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ፌቱ ለመጪው ሰኞ ታክሲ ተከራይቷል አሉ፤ ማን እንደሚሞትለት ግን ገና አልወሰነም። ስለዚህ እሑድ፣ የለቅሶ ማስታወቂያ በሚነበብበት ሰዓት፣ አገር በሚሰማው ሬዲዮ ይመልሱልኝ፦ ረቡዕ የመለሱትና ሰኞ የከፈሉት ሰውዬ አንድ ነው ወይስ ሁለት? አንድ ከሆነ ሒሳቡን ያግዱ። ሁለት ከሆኑ አንደኛውን መጥተው ይጠብቁልኝ።