የእናታቸውን እርሾ ያሞላቀቁት መምህርት ሠርክአዲስ ገነነ (1956–2018 ዓ.ም.)

መምህርት ሠርክአዲስ ገነነ ከአባታቸው ከአቶ ገነነ ታከለና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናኑ አለበል፣ ከጅጋ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ጥቅምት 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ወይዘሮ እናኑ በጠላቸው የታወቁ ነበሩ። ለዝክር የሚጠምቅ ጎረቤት ከእሳቸው ጥንስስ ቀድቶ ነበር የሚጀምረው፤ እሳቸውም «እርሾ ተከልክሎ ያውቃል እንዴ?» እያሉ ለሁሉም ይሰጡ ነበር።

መምህርት ሠርክአዲስ አንደኛ ደረጃን በጅጋ፣ ሁለተኛ ደረጃን ስንቃቸውን ተሸክመው እየተመላለሱ በፍኖተ ሰላም ተማሩ። በ1977 ዓ.ም. ባሕር ዳር በባዮሎጂ በዲፕሎማ ተመርቀው ቡሬ ተመደቡ። የቡሬ ልጅ ሆኖ በእሳቸው ያልተቆነጠጠ ማን አለ? በ1980 ዓ.ም. ከአቶ ደስታው ገደፋው ጋር ጋብቻ መሥርተው መታሰቢያንና ደጀኔን ወለዱ።

በ1988 ዓ.ም. በክረምት ለዲግሪ ሲማሩ ከእናታቸው ጥንስስ እርሾዋን ለይተው በብልቃጥ አኖሯት። እኛ ቤተሰቦቻቸው «ሦስተኛ ልጃቸው» እያልን እንስቅ ነበር። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። እናታቸው ቢያልፉ እንኳ ጠላቸው እንዳይጠፋ ነበር የፈለጉት። እንዳትራብባቸው በየወሩ ንጹሕ ግሉኮስ ያጎርሷት ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!

ወይዘሮ እናኑ በ2007 ዓ.ም. ሲያርፉ ለአርባቸው ተዝካር መምህርት ጠላውን በዚያችው እርሾ ጠመቁ። ሌላ እርሾ እንዳይገባባቸው ብለው የብቅሉንና የጌሾውን ውኃ አፍልተው አቀዘቀዙት። ጋኑ አንድ ቀን አረፋ ነፍቶ ዝም አለ። ለሰው የቀረበው ጣፋጭ ውኃ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቀምሰው «የእናኑ ልጅ ብርዝ አጠጣችን» ቢሉ ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ጓዳ ገብተው አለቀሱ።

በ2010 ዓ.ም. በቡሬ ካምፓስ የቤተ ሙከራ ሥራ ጀመሩ። እዚያ መምህር ይታገሱ ከሚባሉ ወጣት ጋር እርሾዋን መረመሩ። የብቅል ስኳር ሁለት ግሉኮስ ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ የሚገነጥለው ኢንዛይም ይፈልጋል፤ ኢንዛይሙን የሚያሠራው ደግሞ ዘረ መል ወይም ጂን ነው። ግሉኮስ ግን መዋጥ ብቻ ነው። እርሾዋ ሳትገነጥል ስትውጥ ኖራ ያ ጂን ከውስጧ ጠፍቷል። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር፤ እሳቸው ግን በተማሪዎቻቸው ፊት ቆመው «ያሞላቀቅኋት እኔ ነኝ። የጠፋ ጂን ቢለምኑት አይመለስም» አሉ።

ከዚያ ከእናታቸው የተካፈለ ቤት ይገኝ ይሆን ብለው ከጅጋ እስከ ቡሬ ቤት ለቤት ዞሩ። ብዙው ሰው ጠላ ትቶ ቢራ ገዢ ሆኖ ጠበቃቸው። በጥር 2011 ዓ.ም. ቡሬ ዙሪያ ካሉ የአዊ ተወላጅ ከወይዘሮ ቻይነሽ ደጅ ደረሱ። ወይዘሮ ቻይነሽ ጅጋ አጠገብ ተድረው ሳሉ ከወይዘሮ እናኑ የቀዱትን፣ አንዱን ጠላ በሌላው እየተኩ ሳያቋርጡ አቆይተውታል። መምህርት ልመና ሲጀምሩ አቋርጠው «እናትሽ ሲሰጡኝ አላስለመኑኝም፤ አንቺም አትለምኝኝ፤ ዕቃ አምጪ» አሏቸው። በብቅል ስኳር ሲሞከር በማግስቱ ብልቃጡ አረፋ ነፋ። ጂኑም ሲመረመር እንዳለ ተገኘ። መምህርት ቤተ ሙከራው ውስጥ እልል ሲሉ ተማሪው ሁሉ ደንግጦ ሮጠ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የስኳር ሕመም አደከማቸው። «ስኳር ሳጠና የኖርሁ ሴት፣ እሱ ይርሳኝ?» እያሉ ጠያቂያቸውን ያስቁ ነበር። በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው ዓርብ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው አቶ ደስታው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በሐዘን ተቀምጠዋል። እህታችን፣ ምንኛ ትናፍቂናለሽ!

በመጨረሻው ሳምንት ልጃቸው መታሰቢያ ከወይዘሮ ቻይነሽ የተገኘችው እርሾ ያለችበትን ብልቃጥ ምን እንደምታደርገው ጠይቃቸው ነበር። «እንደ እኔ ብቻሽን እንዳትይዣት፤ ለሰው ስጪ» አሏት። ስለዚህ ለቀብር የመጣችሁ፣ ጠላ የምትጠምቁ ሁሉ፣ ድርሻችሁን ከመታሰቢያ እጅ ውሰዱ፤ አደራውን የተወችው ለእናንተ ነው። እግዚአብሔር ነፍሷን ከእናቷ ከወይዘሮ እናኑ ጎን ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን። አሜን።