ለጠመንጃዬ ጓደኛ ፍለጋ

መስከረም 25፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ጠመንጃዋን ወልውዬ ጨረስኩ። ቤዝመንት ነኝ፣ ከቤቱ ስር። እጄ ዘይት ዘይት ይሸታል። ይቅርታ ደብተሬ፣ ጥግሽን አቆሸሽኩት።

ከስር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፋ፣ ወደ ላይ መለስ። ቀጭ፣ ቀጭ። ጥይት የለባትም፤ ድምጿን ለመስማት ብቻ ነው። የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ። ሥራዬ ፍሪድሊ ከተማ፣ የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቶ፣ ልብ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ስንጥቅ እንዳለው መመርመር። ታዲያ በዓመት አንዴ አጋዘን አድን ብል ምን ነውር አለው? ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ። እስካሁን የገደልኩት አንድም የለም፤ ብርዱ ግን እኔን ሊገድለኝ ነበር።

አሁን ጓደኛ ልፈልግላት ነው። ሪቮልቨር፤ ያ ስድስት ቀዳዳ ያለው ከበሮ የሚሽከረከርበት ሽጉጥ። ለምን እሱ? የእሷኑ ጥይት ስለሚጎርስ። ሦስት ሃምሳ ሰባት የሚሉትን። ለልምምድ ደግሞ ለስላሳውን ሠላሳ ስምንት ሁለቱም ይጎርሳሉ። አንድ ካርቶን ጥይት ለሁለት መሣሪያ፤ ከአንድ ሌማት እንደሚበሉ ባልና ሚስት።

ችግሩ የራሴ ሚስት ናት። አዜብ ጠመንጃዋን ስገዛ አልተቃወመችም፤ ጠመንጃ የባላገር ዕቃ ነው ብላ። ሽጉጥ ግን ይህን ደጃፍ አያልፍም አለች፣ ያኔውኑ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ አልጽፈውም።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ፖ/ጣቢያ ሄጄ የሽጉጥ መግዣ ፐርሚት፣ የፈቃድ ወረቀቱን፣ ማመልከቻ አስገባሁ። አልነገርኳትም። መጀመሪያ ይፈቀድልኝ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ። ዕቅዱ ይኸው ነው።

መስከረም 28፣ ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት

ዴቭ አጠገቤ ነው። አደን ያስተማረኝ የሥራ ባልደረባዬ። እኔ ሽሮዬን፣ እሱ ሥጋውን። በስልኩ ፎቶ ያሳየኛል። ምርጫው ሦስት ነው። አጭር አፈሙዝ፣ ሁለት ኢንች፤ ኪስ ይገባል። መካከለኛ፣ አራት ኢንች፤ ለወገብ። ረጅም፣ ስምንት ኢንች፤ ለአደን። ዴቭ አራት ኢንቿን ውሰድ፣ ሌላውን እርሳው ይላል።

ሚስትህስ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ደስ ብሏታል አልኩት። በጾም ቀን ዋሸሁ።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ፣ ማታ 1 ሰዓት

መሣሪያ እያከራየ የሚያስተኩስ ሬንጅ ሄድን። ለአዜብ ከዴቭ ጋር ነኝ አልኳት። እውነት ነው፤ ግማሹ።

አጭሯ ተንኮለኛ ናት። ሲያይዋት አሻንጉሊት፣ ሲተኩሷት በቅሎ። በአውራ ጣቴና በጠቋሚዬ መካከል ያለው ቆዳ እስካሁን ይለበልበኛል። ረጅሙ ደግሞ ዘነዘና ነው። ከባድ፣ ዘገምተኛ፣ መልክ የሌለው። ግን አይራገጥም። እውነቱን ለመናገር ኢላማዬን በደንብ የመታሁት በእሱ ነው።

አራት ኢንቿ! እጄ ውስጥ ልክ ገባች። የእንጨት እጀታ፣ ጥቁር ሰማያዊ ብረት። ለዴቭ ስለ ክብደትና ስለ ሚዛን ብዙ ተናገርኩ። ላንቺ ግን አልዋሽም ደብተሬ። የሬንጁ ባለቤት በቆዳ ማኅደር ወገቤ ላይ አስሮልኝ መስታወት ውስጥ ራሴን አየሁ። ጎረምሳ መሰልኩ። ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ። ምክንያቱ ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ።

እሷን እገዛለሁ። ደስ ብሎኝ ልተኛ ነው።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

በዚህ ቤት ፖስታ የምትከፍተው አዜብ ናት። አሜሪካ ከመጣን ጀምሮ፣ ሃያ ስድስት ዓመት። ያኔ እንግሊዝኛው ሲጠነክርብኝ እሷ ነበረች የምታነብልኝ። አሁን እኔም አነባለሁ፤ ልማዱ ግን እንዳለ ነው። በስሜ የመጣውንም ሳልከፍት ከመነጽሯ አጠገብ አኖርላታለሁ። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ፖስታ ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ያለውን ሰበሰብኩ፣ እንደ ልማዴ አስቀመጥኩላት። ከመብራት ቢሉ ጋር። በገዛ እጄ! ሁለት ሳምንት ስደብቅ ከርሜ ፐርሚቱን ራሴው ወስጄ ሰጠኋት።

አነበበችው። ተፈቅዶልሃል አለችኝ። ወረቀቱን አጥፋ ፖስታው ውስጥ መለሰችው። ራት አቀረበች፣ አልበላችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ልጻፈው። አዜብ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የቀበሌው ሰው ቤታቸው መጣ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ቁጭ አለ። ኮቱን እስኪገልጥ መታጠቁን ማንም አላየም። ሽጉጡን አውጥቶ ገበታው ላይ አኖረና ውሃ አምጪ አላት። ብርጭቆውን ከሽጉጡ አጠገብ አስቀመጠች። ሰውየው ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ታላቅ ወንድሟን ይዞ ሄደ። ወንድሟ አልተመለሰም። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን አንዴ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ ስትነግረኝም ደጋግማ ያነሳችው አንድ ነገር ነበር። ጥይት ይኑርበት አይኑርበት አላወቀችም። ባዶ ከነበረስ? አንስታው ብትሮጥስ? ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ትጠይቃለች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ልላት አስቤ ነበር። ተውኩት። ይሄ ልጥ አይደለም፤ እባቡ ራሱ ነው። እኔም ልክ እንደዚያ ሰውዬ ደብቄ ላስገባው ነበር።

አፈርኩ፣ ደብተሬ። በጣም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ ከቤ/ክ መልስ

አዜብ ለንስሐ አባታችን ተናገረች። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጥግ አስቀመጡን። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ተግሣጽ ስጠብቅ፣ አባ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጠመንጃዋ ነው። ምን ዓይነት ናት? ስንት ትጎርሳለች? የጎጃም ሰው ናቸው፤ ምን ያድርጉ። እጀታውን እንዴት እንደምገፋ በባዶ እጄ አሳየኋቸው። ቀጭ፣ ቀጭ። ፊታቸው በራ። አዜብ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሁለታችንም እንደ ተማሪ ቀጥ አልን።

ከዚያ ፈረዱ። ጥፋቱ ብረቱ ላይ ሳይሆን መደበቁ ላይ ነው። አርባ ስግደት ለእኔ። የብረቱን ነገር ደግሞ እሷ ትወስናለች፤ እኔም እሳቸውም አፋችንን እንይዛለን።

እዚያው ይቅርታ ጠየቅኳት። ካፈርኩ አይመልሰኝ አላልኩም። ፐርሚቱን እቀደዋለሁ አልኩ፣ ከልቤ። ይቅር አለችኝ፤ ስለ ፐርሚቱ ግን ምንም አላለችም።

እሑድ አይሰገድም፤ ስግደቱ ከነገ ይጀምራል። ጉልበቴ ከነገ ወዲያ ይሁን ይላል።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ፣ ማታ 1 ሰዓት

ሰላም ነው ቤታችን። አብረን በላን፤ በሥራ ቦታዋ ስላለው ነዝናዛ በሽተኛ እያወራች አሳቀችኝ። አራት ኢንቿን ረስቻታለሁ። ማለት፣ ልረሳት ተቃርቤያለሁ።

ከራት በኋላ ጉድ! አዜብ ቤዝመንት ወረደች። የሆስፒታል ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ጠመንጃዋ የተቆለፈባትን ካቢኔት ክፈት አለች። ከፈትኩ። ጠመንጃዋ ባዶ መሆኗን በምን ታውቃለህ አለች። እጀታውን ገፍቼ አሳየኋት። ውስጧ ጨለማ ነው፤ ጥይቱም የሚቀመጠው ከአፈሙዙ ስር ባለ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። ትንሿን ጣቷን ሰዳ ዳሰሰች። አላረካትም።

ያኛውስ፣ ሽጉጡ፣ እንደዚህ ነው? አለች። አይደለም አልኳት። ከበሮው ወደ ጎን ይወጣል። ስድስቱም ቀዳዳ ፊት ለፊት ይታያል፤ ጥይት ካለ አለ፣ ከሌለ ወዲያ ማዶ ያሳያል።

ካቢኔቱን ራሷ መልሳ ዘጋች። ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፣ አብረን እንሄዳለን አለች። ግዴለም፣ ለእኔ ብለሽ አትጨነቂ ስላት፣ ላንተ ነው ማን አለህ አለችኝና ደረጃውን ወጣች።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

እሷ ድራይቭ አደረገች። መሣሪያ ሱቁ እስክንደርስ ሬዲዮ እንኳ አልከፈተችም።

ሻጩ ሦስቱንም ጨርቅ ላይ ደረደረ። አዜብ በእጇ አልነካችም። ኮትህን ልበስ አለችኝ፤ ያንን የክረምቱን ረጅም ኮት። ከዚያ ሻጩን፣ እያንዳንዱን በማኅደሩ ወገቡ ላይ እሰርለት አለችው። አጭሯ ታሰረች፣ ኮቱን ቆለፍኩ። ዙሪያዬን ዞረች። አይታይም። እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። አራት ኢንቿ ታሰረች። ትንፋሼን ያዝኩ። ዞረች። አይታይም። ትወገድ! ልቤ እንደ ልጅ ልብ ዝቅ አለ፤ አልክድም።

ዘነዘናው ታሰረ። ኮቱን ቆለፍኩ፣ ጎተትኩ፣ ጎንበስ አልኩ። የማኅደሩ ጫፍ ከጎኔ ወጥቶ ኮቱን ድንኳን አስመሰለው። በሩቅ ያለ ሰው ያየዋል። ይሄኛው አለች። ከባድ ነው አልኳት። ይክበድ አለች። ሻጩ የኮቱ ነገር ግራ ገብቶት ምክንያቱን ጠየቃት። ሊደብቅብኝ የማይችለውን ነው የምፈልገው አለችው። ሻጩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ክፈተው አለችው። ከበሮውን ወደ ጎን አወጣላት። ተቀበለችው፣ በሁለት እጇ። ወደ መስኮቱ ዞራ ከፍ አደረገችው። የፓርኪንጉ ብርሃን በስድስቱ ቀዳዳ አልፎ ጉንጯ ላይ ዐረፈ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትቆጥራለች። አንድ ጊዜ። ደግማ። ባዶ ነው አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ዓይኗ እንባ ሞላ። የእኔም። ሻጩ ደግ ሰው ነው፤ ወረቀት የሚፈልግ መስሎ ዞር አለ።

ዘነዘናውን ገዛን። ሕጉ ሦስት ነው፣ የአዜብ ሕግ። ከጠመንጃዋ ጋር አንድ ካቢኔት ውስጥ ይቀመጣል። ከበሮው ሁልጊዜ ተከፍቶ። ቁልፉ እሷ ጋ። አሜን ብያለሁ። ዴቭ ሰኞ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ኢላማ የመታሁት በእሱ አይደል? ከምር ደስ ብሎኛል ደብተሬ፤ አራት ኢንቿን ባገኝ ኖሮ ከምደሰተው በላይ።

ከታች እየጠራችኝ ነው። ካቢኔቱን ከፍታዋለች። ወርጄ ቀዳዳዎቹን እንድቆጥር አይደለም፤ ስትቆጥር አጠገቧ እንድቆም ነው።