ስምንተኛው ሺ በፕሮጀክተር

ሰኔ 20 ቀን 2014፣ ሰኞ ከሰዓት

ፋጡማ ዛሬም አልተሻላትም። ጉልበቷ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል። ስኳሩ ነው ትላለች፤ ሐኪሙ ክብደቱ ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን መብሰልሰሏ ነው እላለሁ። ግድግዳ ለግድግዳ ነን፣ የሷን ጓዳ ከኔ ጓዳ ለይቼ አላውቅም።

ግን ዛሬ ፊቷ በርቷል። ትንሿ ልጇ ሆዳን እዚያ ገጠር፣ ቱሊ ጉሌድ፣ ወልዳለች። ወንድ። ፍየሎቻቸው ግማሹ አልቀዋል፣ የተረፉትም ቆዳና አጥንት ናቸው። ቤቱ ግን እልልታ ነው። ስሙን ሮብሌ ብለውታል። በሶማሊኛ ባለ ዝናብ እንደ ማለት ነው፤ ዝናብ ሲጥል ለተወለደ የሚወጣ ስም። ሳቅኩ። የምን ዝናብ? ከፋሲካ ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለ! "አባዮ፣ ዝም ብለን እንጠብቀው እንዴ? በስሙ እየጠራነው ነው" አለችኝ። አባዮ፣ እህቴ ማለቷ ነው። የገዛ እህቴ እንኳ እንዲህ አትጠራኝም።

እኔ ጥላዬን ይዣለሁ። የቁልቢ ገብርኤልን ስለት። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ። ቀን የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ማሽኑ ሲያርፍ በእጄ እሱን። ለማን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ ደብተሬ። ልጄ ማህሌት ካገባች ቆየች፣ ምንም የለም። ለሷ አልነገርኳትም፣ እንዳትሳቀቅ። ሰው ስለት የሚያስገባው ሲደርስለት ነው፤ እኔ ግን ጥላውን አስቀድሜ ጀመርኩት። መልአኩ ሲያየው ይፈር ብዬ።

ሰኔ 22፣ ረቡዕ

ተናድጃለሁ።

ማህ. ከመ/ቤት ወጥታ መጣች። የምትሠራው እርዳታ ድርጅት ነው፣ የአየር ንብረት ለውጥ ክፍል። ፋጡማ በምርኩዝ እያነከሰች ራሷ መጥታ የምሥራቹን ነገረቻት። የኔዋ ምን ብትል ጥሩ ነው? "በዚህ ጊዜ? ምስኪን ልጅ! ምን ሊጠጣ ነው?" እንኳን ደስ ያለሽ የለ፣ መብሩክ የለ። ፋጡማ ፈገግ እንደ ማለት አለች። እግሬን አመመኝ ብላ ተነሳች። ሻይዋን እንኳ አልጨረሰችም።

ልጄ ላይ ወረድኩባት። ጡት ስትጥዪ ገንፎ ያጎረሰችሽ ማን ናት አልኳት። እሷ ክርክር ይዛለች። ሙቀቱ ይህን ያህል ጨመረ፣ የዛሬ ሕፃናት ሳያረጁ እዚህ ሰው አይኖርም፣ "መረጃ ነው እማ፣ እምነት አይደለም"።

ድርቅ መኖሩን ለኔ ትነግረኛለች! ውኃ ከአህያ ጋሪ በጄሪካን የምገዛ እኔ። የሞተ ከብት እየሸተተኝ ከአውበሬ መንገድ የተመለስኩ እኔ። ድርቁን አልካድኩም። አበቃለት የሚለውን ነው የካድኩት። ድርቅ ነው ማለትና ምድር አለቀላት ማለት አንድ ነው እንዴ? አንዱን ዓይኔ ያየዋል። ሌላውን ማን ሄዶ አይቶ ተመለሰ?

ሰኔ 24፣ ዓርብ ማታ

ስብሰባ ሄድኩ። በልጄ ልመና። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጎደሉብን አለችኝ። ከቄሶቹም ከሼኾቹም ተጠርተዋል።

ፕሮጀክተሩ እንዲታይ መጋረጃ ዘጉ። አየር ጠፋ። ስለ ሙቀት ሊያስተምሩን በሙቀት ሊገድሉን! አስተማሪው ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው፣ ጨዋ፣ እናቴ እያለ የሚያወራ። ካርታ አሳየን። ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጥቁር። ጅግጅጋን ፈለግኋት። ጥቁሩ ውስጥ ገብታለች። ከዚያ ቄሶቹንም ሼኾቹንም ይህንኑ ለምእመኑ አስተምሩ አላቸው። ሕዝቡ ካልደነገጠ አይነቃም አለ። አልቻልኩም፣ እጄን አወጣሁ። እግዜር ዳግመኛ ምድርን አላጠፋም ብሎ ለኖኅ ቃል ገብቷል፣ የማርያም መቀነትን ሰማይ ላይ ያሰረው ለምን ይመስልሃል ልጄ አልኩት።

ፈገግ አለ። "እናቴ፣ ያ እኮ የጥፋት ውኃ ነው። የኛ የውኃ መጥፋት ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሼኾቹም ቄሶቹም። እኔም ብሆን እስቅ ነበር፣ ጥሩ አባባል ናት። ማህ. ስልኳን ታያለች። ቁጭ አልኩ። መልሱ እንደ ወትሮዬ ባጃጅ ውስጥ መጣልኝ፦ ምድር እስካለች መዝራትና ማጨድ፣ ብርድና ሙቀት አይቋረጥም ተብሏል እኮ። ለባጃጁ ሹፌር ነገርኩት። እሺ ሀበርያር፣ አክስቴ ማለቱ ነው፣ የት ላውርድሽ አለኝ።

የፋጡማ ባል፣ ነፍሱን ይማር፣ የአዲጋላ ሰው ነበር። ልጅ ሳለ ባለሙያዎች መጥተው በረሃው ሊውጣችሁ ነው፣ ይህን ዛፍ ካልተከላችሁ አለቀላችሁ ብለዋቸው ተከሉ። ዛፉ እሾህ ሆነ። ግጦሹን በላ፣ የፍየሉን መንገድ ዘጋ። ስሙን ጋራንዋ አሉት፣ ምን እንደሆነ ያላወቅነው። ያኔም መረጃ ነበር መቼስ። ያስፈራሯቸው ሰዎች ተመልሰው ይቅርታ አላሉም።

እናቴ ስኳር ሲጠፋ ስምንተኛው ሺ ደረሰ ትላለች፣ ሴት ሱሪ ስትለብስ ስምንተኛው ሺ ደረሰ ትላለች። ማህ. በአያቷ እየሳቀች ነው ያደገችው። ዛሬ የራሷን ስምንተኛ ሺ በፕሮጀክተር ይዛ መጣች። ልዩነቱ፣ እናቴ ስምንተኛው ሺ እያለች ስምንት ወለደች።

ሰኔ 26፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ልጅሽ ልክ ናት አሉኝ፤ ምልክቱ ሁሉ ተፈጽሟል፣ ዘመኑ አልቋል። ወይ ጉዴ! በዚያ በኩል ጥቁር ካርታ፣ በዚህ በኩል ምልክት። ቀኗን ማንም አያውቃትም ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉም?

ጭቅጭቅ አልፈልግም፣ መስቀል ተሳልሜ ዞርኩ። ከኋላዬ ጠሩኝ። ለአዳም ገነት እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ተሰጥታዋለች፣ እሱን ግን አትርሺ አሉኝ። ይኼ ይገባኛል። የልብስ እጣቢዬን ኒሟ ሥር ነው የምደፋው፣ የግቢው ጥላ እሷ ናት። ፌስታል አላቃጥልም። አደራ ነዋ። አደራ የሚጠብቅ ሰው ግን ባለቤቱ ተመልሶ እንደሚመጣ ያምናል። እነዚህ የካርታ ሰዎች ባለቤት የሌለው ቤት ጠባቂ ሆነው ነው የሚጮኹት። ይህንንም ለሳቸው አላልኩም። ላንቺ ነው።

ሰኔ 29፣ ረቡዕ

እንዴት አድርጌ ልጻፈው።

ማህ. ገባች። ጥላው ማሽኑ ላይ ተዘርግቷል፣ መደበቅ ረስቼ። የማን ነው አለች። ከዛሬ ነገ ከምል ብዬ ነገርኳት። ያንቺ ነው፣ ስለ ማኅፀንሽ ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነው አልኳት። አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ታለቅሳለች ብዬ ነጠላዬን ሳነሳ፦

"እማ፣ አትድከሚ። እኔ ነኝ ያልፈለግኩት።"

የእርግዝና መከላከያ መርፌ ትወጋለች። ከተጋቡ ጀምሮ። ባሏ ዳዊት ያውቃል፣ አልወደደውም፣ ግን ጨዋ ነው፣ ዝም ብሏል። ምን ቸግሯችሁ አልኳት። ቤት አላችሁ፣ ሥራ አላችሁ። "ልጅ ወልጄ እሳት ውስጥ አልጥልም" አለችኝ።

እኔ ወር በገባ በ19 መልአኩን ስነዘንዝ! እሷ መርፌዋን ስትወጋ! ምን ብሎ ይሆን የሚሰማኝ? መሳቅም መጮህም አማረኝ። ጮህኩ። ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣ እሱ አይደለም ወይ አልኳት። እሱን በካርታው ላይ አላሳየንም አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ሳትስቅ። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ይኼ ፍርሃት እምነት አይደለም ካለችኝ ምንድን ነው? ጾም አለው፣ ትንቢት አለው፣ ሲኦል አለው። ምሕረት ብቻ የለውም።

ሐምሌ 3፣ እሑድ

ትናንት አረፋ ነበር። ፋጡማ ከዚያ ቀን ወዲህ ደጃፌን አልረገጠችም። ለስላሳ ይዤ እኔው ሄድኩ። ሆዳን ከነልጇ መጥታለች። ሮብሌ ቡጢ የምታክል ፊት አለችው፣ ጸጉሩ ግን የሽማግሌ ነው። የነሱን ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ ፋጡማ ሳልጠይቃት ቴምር አቀረበችልኝ። በዚህ ታረቅን።

ሁሉን አወጣሁላት። ጥላውን፣ መርፌውን፣ እሳቱን። ሰማችኝ ሰማችኝና፣ "ዋላሂ፣ እኔ ራሴ በድርቅ ዓመት ነው የተወለድኩት። እናቴ ፈርታ ቢሆን ኖሮ ማን ጨው ያበድርሽ ነበር?" አለች። ከሳቁ በኋላ ግን ሌላውን ነገረችኝ። ከሷ በላይ የነበሩትን ልጆች እናቷ በዚያው ዓመት ቀብራለች። ልጅሽ ሞኝ አይደለችም አባዮ፣ አለችኝ። የሚያስፈራ ነገር አለ። ግን ፍርሃት ሲጠሩት ይመጣል፣ ሲያስቀምጡት ይቀመጣል፣ እንግዳ ነው፣ አልጋ አይሰጠውም።

እቤት ገብቼ ጥላውን አጣጥፌ ሣጥን ከተትኩት። አልጨርሰውም።

ሐምሌ 8፣ ዓርብ

ዘነበ! ቆርቆሮው ሲንኳኳ ጎረቤቱ ሁሉ ባልዲ ይዞ ወጣ። ካራማራ ላይ የማርያም መቀነት ታየች፣ ግማሿ ብቻ። ፋጡማ ከደጃፏ ሮብሌ! ሮብሌ! እያለች ትጣራለች፣ ልጁ እንቅልፉ ላይ ነው።

ማህ. ደወለች። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ። ደስ ብሏት ይሆናል ብዬ አነሳሁ። ይኼ ዝናብ ጤነኛ አይደለም፣ ባንዴ መውረዱ ነው፣ ጎርፍ ሊያመጣ ይችላል፣ ከወንዙ ዳር እንዳትሄጂ አለችኝ። እናንተዬ! ካልዘነበ አለቅን፣ ከዘነበ አለቅን። ይህች ልጅ መቼ ነው ተመስገን የምትለው? ስልኩን ዘጋሁባት። ትንሽ ቆይቼ እሷንም አሰብኩ። ከሚዘንበው ሁሉ መሐል እኔን ነው ያሰበችው። ደስታዋ ተወስዶባታል እንጂ ፍቅሯ አለ።

ዝናቡ ወዲያው ቆመ። ባልዲው አልሞላም።

ሐምሌ 13፣ ረቡዕ

ጉድ ልንገርሽ።

ማህ. ሳትነግረኝ ቀጥታ ፋጡማ ቤት ገባች። ግድግዳችን ሁሉን ይሰማል፣ ብድግ ብዬ ሄድኩ። ሀበርያር፣ ይቅርታ፣ ያን ቀን አፌ ነው ትላታለች። ከልጅነቷ እንዲሁ ነው የምትጠራት። ፋጡማም ልጁን ከሆዳን ተቀብላ ማህ. ጭን ላይ አስቀመጠችው፣ ትፈልጊያለሽ ወይ እንኳ ሳትል። የኔዋ እንደ ትኩስ ድስት ነው የያዘችው።

ሮብሌ ዓይኗን አየ፣ አየ፣ ከዚያ የመ/ቤት ቀሚሷን አራሰላት። ከወገብ እስከ ጉልበት። "ይኸውልሽ!" አለች ፋጡማ እያጨበጨበች፣ "ዝናብ የለም ስትዪ!" ሆዳን ከሳቅዋ ብዛት ተንበረከከች። ማህ. ሳቀች፣ ደብተሬ። ያ የድሮ ሳቋ፣ አፍንጫዋ የሚሸበሸበው።

ቀሚስ ላውስሽ ብዬ ወደ ቤት ይዣት ስመጣ በር ላይ ቆመች። "እማ፣ ልጅ ጠልቼ እንዳይመስልሽ። ማታ ማታ ያ ካርታ ይመጣብኛል።" የኔን ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ሄደች።

እኔ ደግሞ እስካሁን እልኸኛ ናት ብዬ ነው የተጣላኋት። ልጄ እንቅልፍ የላትም።

ሐምሌ 17፣ እሑድ

ወስኛለሁ። ነገ ቁልቢ እሄዳለሁ፣ ለሐምሌው ገብርኤል። ጥላውን ከሣጥን አወጣሁት። ስለቱን ግን ቀይሬዋለሁ። ልጅ አልለምንም፤ ልጅ መለመን የሷና የዳዊት ነው። የሐምሌው በዓል የሕፃኑ የቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ አይደል? የፈላው ውኃ ፊት ያቆሟቸው። እናትየው እኮ ፈርታ ነበር፣ ሰማዕቷም ሳትቀር። መጀመሪያ ፍርሃቷ ወጣላት፣ ከዚያ ነው ውኃው የበረደው። ለማህሌቴም ፍርሃቷን አውጣላት ነው የምለው። ወለደች አልወለደች፣ ዝናብ ሲዘንብ ዘነበ የምትል ልጅ መልስልኝ።

ፋጡማ መጣች፣ ያለ ምርኩዝ፣ የጉልበቷ እብጠት ቀንሷል። ለመንገድ ቴምር በፌስታል። ጅብሪል የኛም ነው፣ ከኔም ሰላም በይልኝ አለችኝ። ስለ ፌስታሉ ልነግራት አስቤ ተውኩት።

ዳዊት መጣ። የመኪና ሰው አግኝቶልኛል። ጥላውን ቆሞ አየው።

አሁን ማህ. ገባች። የተዋሰችውን ቀሚስ አጥባ። እሄዳለሁ ስላት፣ ስለቱ አሁን ምንድን ነው አለች። ነገርኳት። ካርታውን ታመጣብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጥላውን ገለበጠች፣ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ዘርፉ በዚህ በኩል ጠሟል እማ፣ እንዲህ ሆኖ አይገባም አለችኝ። እየፈታችው ነው። ወርቃማውን ክር የት አደረግሽው ትለኛለች። ላቀብላት